ለአንድ ሰው የበዛ እሳት

ጋሽ ጉዲና መሞታቸውን የነገረኝ ሰው የለም። ያወቅሁት ባልዲው ዝም በማለቱ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ገና የቁስቋም ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ እየተሰማ፣ እሳቸው ጓሮ ወጥተው የማታውን ልጣጭና ትርፍራፊ በውሃ ይበጠብጡና ጉድጓዱ አፍ ላይ ይደፉታል። ከዚያ ባልዲው ባዶውን እንዲቀር በዱላ መታ መታ ያደርጉታል። እኔም አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እነጫነጫለሁ። አንድ እሁድ እንኳ እስኪበቃኝ ብተኛ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ። ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ከገባ በኋላ በአንዱ እሁድ፣ ዝናቡ ብቻ ይሰማል፤ ባልዲው የለም። ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና በራቸውን መታሁ።

በሩ አልተቆለፈም ነበር። አልጋቸው ላይ በጎናቸው እንደተኙ፣ መነጽራቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ እንዳስቀመጡ፣ ሄደዋል። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱት ኮት ተዘጋጅቶ ተሰቅሏል። እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። ሰው ከመጥራቴ በፊት ማድ ቤት ገብቼ የጋዙን መጠን ማየቴን አስታውሳለሁ። ለምን እንዳየሁ አሁንም አላውቅም። ሞልቶ ነበር።

ሰናይት እባላለሁ። አዲሱ ገበያ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ጋሽ ጉዲና ግቢ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ተከራይቼ ዓመታት ኖሬያለሁ። ስለ እኔ ይሄ ይበቃል። የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው፤ በእኛ ሰፈር የእሳቸው ስም ሲነሳ ተከትሎ የሚነሳው ሽንት ቤታቸው ብቻ ስለሆነ ነው። ይሄ ደግሞ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል።

የወለጋ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ሠርተዋል። ሥራቸው በአብዛኛው የሰገራ ምርመራ ነበር፤ አይደብቁትም። ምን ይሠሩ ነበር ብሎ ለጠየቃቸው ሰው፣ የራሱን ለማየት የሚጠየፈውን እሳቸው ያዩለት እንደነበር ይነግሩታል። ሰው ሐኪሙን ይዋሻል፣ ናሙናው ግን አይዋሽም የምትል አባባልም ነበረቻቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ምግብ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠቡና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ መዳፋቸውን ገልብጠው ያሳያሉ። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ለምን እንደሚያሳዩ ሲገባኝ መሳቁን ተውኩት።

ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ላይ የደረስኩት በመጨረሻ ጊዜያቸው ነው። ሽሮ በእንጨት ካልበሰለ ሽሮ አይደለም የሚሉ ሴት ነበሩ፤ መብራት ኖረም ጠፋም የሚያበስሉት ከእንጦጦ በሚወርደው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ነው። ማድ ቤቱ እስከ ጣሪያው ጠቁሮ ነበር። ሳል ጀመራቸው፤ ቀጥሎ ዳገቱን መውጣት አቃታቸው፤ በመጨረሻም መተንፈስ። ጋሽ ጉዲና ይሄን ነገር ያነሱልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የሌላ ሰው በሽታ ሲፈልጉ፣ በገዛ ቤታቸው ያለውን፣ በዓይን የሚታየውን ጭስ እንዳላዩት ነገሩኝ። ይሄን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ብቻ ሲወለውሉ ቆዩ።

ባለቤታቸውን ቀብረው ብዙም ሳይቆዩ ጓሮውን ማስቆፈር ጀመሩ። ሰፈሩ ሐዘን አእምሯቸውን ነካው አለ። ጉድጓዱ በግንብ ተሠራ፤ ከላይ ክብ የሲሚንቶ ክዳን ተደፋበት፤ አፈር ለበሰ። የግቢው ሽንት ቤት ፍሳሽ በወፍራም ቱቦ ወደዚያ ገባ። ከእሳቸውና ከእኛ ከተከራዮቹ ቤት የሚወጣው የድንች ልጣጭ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የወጥ ትራፊ ደግሞ በሌላ አፍ በኩል በባልዲ ይገባል። ከክዳኑ አናት ላይ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ፣ ግድግዳ ይዞ፣ ማድ ቤት ውስጥ ካለችው ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ ይደርሳል። ከታች በኩል የሚወጣው፣ ሽታው የጠፋ ጥቁር ፈሳሽ ወደ ጎመኑ መደብ ይወርዳል። ባዮጋዝ ይሉታል። ሰፈሩ ግን ስም ለማውጣት አልቸገረውም፤ ሰፈሩ ያወጣለትን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ማስረዳት ሲጀምሩ አያቆሙም ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር የማይወዱ፣ ጨለማና ምግብ ብቻ የሚፈልጉ ናቸው፤ የሰጧቸውን ይበሉና ጋዝ ይተነፍሳሉ። «የኔ ከብቶች» ይሏቸዋል። ያው ልጣጭ በፌስታል ታስሮ ገንዳ ውስጥ ቢጣል፣ እዚያም ይበሰብስና ይኸው ጋዝ በከንቱ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ሳይነድ የወጣ እንደሆነ ደግሞ አየሩን በጣም ያሞቀዋል። ከነደደ ግን ወጥ ይሠራል፣ እንጦጦ ላይ ያለው ዛፍም ሳይቆረጥ ይውላል። ከተማዋ ከቆሻሻ መብራት ልታወጣ ነው ሲባል የሰሙ ቀን ደስታቸው ሌላ ነበር፤ መንግሥት ቀድሞኝ ሳይሆን ከእኔ ተምሮ ነው ብለው ቀለዱ። ጋዝ ሳያነዱ መልቀቅ በእሳቸው ዘንድ ኃጢአት ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ የእሳቸው ብቸኝነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ምድጃው መጀመሪያ የተለኮሰ ዕለት ጋሽ ጉዲና ሰፈሩን ጠሩ። ተከራዮቹ፣ የዕድሩ ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጡ ሽማግሌዎች፣ ማድ ቤቱ አልበቃን ብሎ እስከ ውጭ ቆምን። ክብሪት ጫሩ። ሰማያዊ እሳት ጸጥ ብሎ ነደደ፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ሰው አጨበጨበ። አንጮቴ ሠርተው ነበር፤ በአገራቸው ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ሥር ነው፣ ተቀቅሎ በቅቤ ይታሻል። ሳህኑ ዞረ፤ ሁላችንም መጉረስ ጀመርን። እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ ኑሯቸው ሌላ ይሆን ነበር። ግን የላብራቶሪ ሰው ናሙናው ከየት እንደመጣ ሳይናገር ውጤት አይሰጥም። የትኛው ቱቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ በጣታቸው እያሳዩ ማስረዳት ያዙ። ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ማኘክ ቆመ።

ክፉ የተናገረ የለም። ክፉ ቢናገሩ ይሻል ነበር። አንዷ ሆዷን ሲያማት መሰንበቱ ትዝ አላት። አንዱ ስልክ መጣለትና ወጣ። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን፣ የዕድሩ ወጥ ቤት አለቃ የሆነችው የሺ፣ ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ጾም ላይ ነኝ አለች። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ያውም በዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት። ጋሽ ጉዲና ፕሮቴስታንት ቢሆኑም ይሄን አያጡትም። ቢሆንም አላሳፈሯትም።

«ግድ የለም፣ ጾሙ ሲፈታ ትመጫለሽ» አሏት።

እኔ የያዝኩትን ጨረስኩ። ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ የወሩ መጨረሻ ነበር፣ ርቦኛል። ሰውየው ግን ባዶ ሳህኔን አይተው ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ምሳ አብረን መብላት ለመድን።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ የጋሽ ጉዲናን ምግብ አልቀመሰም። አልተጣሏቸውም፤ ሰላምታ አለ፣ ሲታመሙ ጠያቂ አለ፣ ሲያልፉ ከወንበሩ የሚነሳላቸው አለ። የሚበላላቸው ግን የለም። በገናም በፋሲካም ይጠራሉ፤ የመጣ ሰው የጠርሙስ ውሃ ይቀበላል፣ ያን ይዞ ይጫወታል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ጎመኑ ቅጠሉ ሰፍቶ ሰፍቶ መደቡን ሸፈነው፤ ለጎረቤት ቆርጠው ሲልኩ እግዜር ይስጥልን ተብሎ ይወሰድና ለበግ ይሰጣል። ይሄን የማውቀው በጓን ስላየኋት ነው። በእኛ አገር እህልህን ያልቀመሰ ሰው ቤትህ ገባ አይባልም። ጋሽ ጉዲናም ይሄን እንደማንኛችንም ያውቁታል።

የሚገርመው የሙቅ ውሃው ነገር ነው። ጉድጓዱን የምንመግበው መላው ግቢ ነን፤ የሚያበስሉበት ግን እሳቸው ብቻ። ስለዚህ ጋዙ ሁልጊዜ ይተርፋል። ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም የገባበት ውሃ ያለበት ግልጽ ቱቦ ሰቅለው ነበር፤ ጋዙ ሲበዛ ውሃው ሽቅብ ይወጣል። እጫፍ ሲደርስ ማንደድ ግድ ነው፤ አለዚያ ራሱ ያመልጣል። እናም ባለ ሁለት ዓይኑን ምድጃ ለኩሰው፣ ሁለት ድስት ውሃ ጥደው፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ይላሉ። በቧንቧው ጎን ያለውን ክፍል የተከራዩት ባልና ሚስት ሕፃናቸውን ያጥቡበታል፤ ሌላዋ ተከራይ ብርድ ልብስ ትዘፈዝፍበታለች። ለሻይ ግን አይሆንም። ገላ ላይ የሚፈስስ ውሃ ጉሮሮ ውስጥ ለምን እንደማይፈስስ የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሁለቱም ዓይን ላይ ባዶ ውሃ ሲንተከተክ፣ እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ሲመለከቱት አገኘኋቸው። ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። ለማን ነው የሚያፈሉት አልኳቸው፤ ምን ማለት እንደፈለግሁ ገብቷቸዋል።

«ከብቶቹ ብቻዬን መሆኔን አያውቁም እኮ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንድ ቀን እንግዳ በዝቶብኝ፣ ጋዙ መሀል ላይ አልቆብኝ፣ ባፈርኩ።»

ሰው የሚመኘው ነገር አያልቅም፤ ሀብት የሚመኝ አለ፣ ጤና የሚመኝ አለ። እንግዳ ፊት ማፈርን የተመኘ ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

የእሁዱ ምሳ የራሱ ሥርዓት ነበረው። እሳቸው ከአምልኮ፣ እኔ ከቁስቋም እንመለሳለን። እውነቱን ልናገር፣ ወጣቸው ጨው ይበዛዋል፤ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ጸሎታቸው በአማርኛ ይጀመርና መሀል ላይ ኦሮምኛ ይሆናል፤ የጎረቤቶቻችንን ስም በሙሉ በኦሮምኛው ውስጥ እሰማለሁ። ገበታው ላይ ሁልጊዜ ትርፍ ሳህኖች ይደረደራሉ። ለማን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። በሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ማንኪያቸውን ያስቀምጣሉ፤ ኮቴው ሲያልፍ መልሰው ያነሱታል። ይሄን ማየት ስለማልችል እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መቀመጥ ጀመርኩ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የበረኪናውን ነገር ነው። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሆስፒታል የተኙ ጊዜ፣ የሺ አንጀቷ አልችል አለ። ሚስት የሌለው፣ ልጅ የሌለው ሰው ወደ ቆሸሸ ቤት አይመለስም ብላ ሁለት የዕድር ሴቶች አስከትላ መጣች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቤቱን ጠረጉ፣ አንሶላውን አጠቡ፣ መስኮቱን ወለወሉ። ከዚያ ሽንት ቤቱን በበረኪና ፈተጉት። በመጨረሻም የሺ ጓሮ ዞር ስትል የጉድጓዱን አፍ አገኘችው፤ ሸተታት፤ ከጀሪካኑ የተረፈውን በረኪና ሙልጭ አድርጋ ገለበጠችበት። አንዲት የሰፈራችን ሴት ለታመመ ጎረቤት ልታደርግ የምትችለው ትልቁ ደግነት ንጽሕና ነው። ከብቶቹን የፈጃቸው ይሄ ደግነት ነው።

ጋሽ ጉዲና የተመለሱ ዕለት መጀመሪያ የሄዱት ማድ ቤት ነው። ክብሪት ጫሩ፤ አልነድ አለ። ቀዩ ውሃ ተዘቅዝቋል። ጓሮ ወጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱና «በረኪና» አሉ፤ ድምፃቸው የሰው ሞት የሰማ ሰው ድምፅ ነበር። ማን እንደሆነ ገባኝ። በአጥሩ ላይ ሆኜ ልጮህባት ተነሳሁ። ክንዴን ያዙኝ።

«ተያት። ቤቴን ሊያጸዳልኝ ሰው መጣ እኮ፣ ሰናይት። እኔ በሌለሁበት ሰው ቤቴ ገባ።»

ወዲያው የሺ ራሷ ምስር ወጥ በሳህን ሸፍና መጣች። ቤቱን አዩት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ደስ ብሏታል። አመሰገኗት፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቤት ገብቼ አላውቅም አሏት። ወጧን ፊቷ በሉላት፤ ሳህኑን አጥበው መለሱላት። ስለ ጉድጓዱ ቃል አልወጣቸውም። እኔም እንዳልናገር ስላስጠነቀቁኝ ምላሴን ነክሼ ቀረሁ። የእሷን እሳት ሲበሉላት እያየች፣ የእሳቸውን እሳት ለመቅመስ አንድም ቀን አላሰበችም። ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ከብቶቹን መመለስ ቀላል አልሆነም። ጉድጓዱ ተመጥጦ፣ በውሃ ተለቅልቆ፣ በአዲስ እበት መጀመር ነበረበት። ከዳገቱ በላይ የወተት ላሞች ያሏቸው ቤተሰቦች አሉ፤ እነሱ ጋ እየወጡ እበት በባልዲ ማምጣት ጀመሩ። ከሆስፒታል የወጣ ሰው ዳገት ላይ ባልዲ ተሸክሞ ሲወርድ ማየት ያናድዳል። እየተነጫነጭኩ አገዝኳቸው። ያን ሰሞን ዳቦና ሙዝ ነበር የሚበሉት፤ ከሰል ልግዛልዎት ስላቸው እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ጭስ አይገባም አሉኝ። ማታ ማታ ጆሯቸውን ቱቦው ላይ አስደግፈው ሲያዳምጡ አያቸዋለሁ። ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ በሬን በኃይል መቱት። ሮጬ ማድ ቤት ስገባ ምድጃው ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ እሳት አለች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። ጋሽ ጉዲና ኮፍያቸውን አውልቀው እንኳን ደህና መጣችሁ አሏቸው። በዚያ ሰዓት ከጎናቸው የነበርኩት እኔ ብቻ መሆኔ ደስ አላለኝም፤ ያ እሳት ብዙ ሰው ሊያየው ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኑሮው እንደቀድሞው ቀጠለ። ጋዙ ሞላ፣ ውሃው ፈላ፣ ሳህኖቹ ተደረደሩ። እሳቸው ግን ቀነሱ፤ ኮታቸው ሰፋቸው፤ ባልዲውን ግማሽ ማድረግ ጀመሩ። እስከዚያች የነሐሴ እሁድ ድረስ።

ቀብራቸው ሰኞ ሆነ። ታናሽ ወንድማቸው ከነቀምት ሌሊቱን ተጉዘው ደረሱ። ዕድሩ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከለ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መጡ፤ የቁስቋም ሰው ጥቁር ለብሶ ወጣ። ያን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም፤ መብራትም የለም። የሺና የዕድሩ ሴቶች ከአጥሩ ሥር ሸራ ወጥረው፣ ከቀብር ለሚመለሰው ሰው ሽሮና ምስር ሊሠሩ ትልልቅ ድስት ጥደው ነበር። እንጨቱ ርሷል። ባሕር ዛፉ ይንጫጫል፣ ይጨሳል፣ አይነድም። ከቀብር ስንመለስ ሽሮው ገና ዱቄት ዱቄት ይሸት ነበር። ሴቶቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ይስላሉ። ሰው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ውሎ፣ በርዶት፣ ርቦት ድንኳኑን ሞልቶታል።

የሺ ከጭሱ ውስጥ ወጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ሰኒ፣ የማድ ቤቱ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው?»

እኔ ጋ ነው አልኳት።

«ክፈቺልኝ።»

ሌላዋ ሴት ክንዷን ይዛ፣ ሰዉ ምን ይላል አለቻት። የሺ ዞር ብላም አላየቻትም። «ሰዉ ርቦታል» አለችና ድስቱን ከነሽሮው አነሳችው።

የጋዙን መክፈቻ እኔ ነኝ የከፈትኩላት። ክብሪቱን ግን ራሷ ጫረች። እሳቱ ሲነድ እጇን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ ቀረበች። ሽሮው ወዲያው መንተክተክ ያዘ። በሁለተኛው ዓይን ምስሩ ተጣደ። ሌሎቹ ሴቶች መጀመሪያ በር ላይ ቆሙ፣ ቀጥለው ገቡ፣ በመጨረሻም ሽንኩርት እየከተፉ ወሬ ጀመሩ። ያ ማድ ቤት አንጮቴው ከቀረበበት ቀን ወዲህ ያን ያህል ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። የሺ እያማሰለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ ዓይኗን እንዳላቃጠላት ተናገረች።

ምግቡ ወጣ። ወጡ የት እንደበሰለ ወሬው ከሳህኑ ቀድሞ ድንኳን ገብቷል። አንዳንዱ ጎረቤቱን ቀና ብሎ አየ። የዕድሩ ዳኛ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወስደው ቀስ ብለው አኘኩ፤ ሰው ሁሉ እሳቸውን ይመለከታል። እሳቸውም ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ከዚያ ድንኳኑ በላ። ያ በበዓለ ሃምሳ ስልክ የተደወለለት ሰውዬ ሲበላ አየሁት። በልቶም ደገመ። በልቅሶ ላይ መሆኔን ረስቼ መሀል ቆሜ አንድ በአንድ ሲጎርሱ እያየሁ ነበር። ልቤ በደስታና በንዴት መሀል ተሰንጥቋል፤ ቀድማችሁ ብትመጡ ምን ነበረበት ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

ማድ ቤት ስመለስ ቀዩ ውሃ ወርዷል። ምግብ በማብሰል ብቻ እዚያ ድረስ ሲወርድ ጋሽ ጉዲና አይተውት አያውቁም። የሺ ሌላ ድስት ጥዳለች፤ ገና ያልደረሳቸው አሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቷል። እሳቱ ተንቀጠቀጠ። ዝቅ አለ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ተንከባለለና ጠፋ። የሺ መክፈቻውን ወዲያና ወዲህ አዞረችው፤ ክብሪት ጫረች፤ ሌላም ጫረች። ፊቷ ተለወጠ።

«ምን አደረግሁት? አበላሸሁት?»

«አላበላሸሽውም» አልኳት። «አለቀ።»

«አልቆ ያውቃል እንዴ?»

«አያውቅም» አልኳት። የሺ ማማሰያውን እንደያዘች በርጩማቸው ላይ ቁጭ አለች። ከድንኳኑ ውስጥ አንዱ ወጥ ጨምሩልን ብሎ ይጣራል። እሷም ወደ እኔ ቀና ብላ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዳ እየጠበቀ ነው እኮ። አሁን ምን ይባላል?» አለችኝ።

ይሄን የሚመልሰው ባለቤቱ ነው። ወደ በሩ ዞርኩ። ድንኳኑ በእንግዳ ሞልቷል፤ ጋዙ መሀል ላይ አልቋል፤ የሚያፍርልን ሰው ግን የለም።